ማረሻ የሚያነሳ ዘይት፦ የአሮጌ ትራክተሮች ሃይድሮሊክ በኢትዮጵያ

የትራክተር ሃይድሮሊክ ሦስት ሥራ አለው። ከኋላ የተያያዘውን ማረሻ ወይም መከስከሻ ያነሳል፤ ያወርዳል፤ እያረሰ ሳለ ደግሞ በተፈለገው ጥልቀት ይይዘዋል። ማንሳትና ማውረድ ጉልበት ብቻ ስለሚጠይቁ ከዘይት በፊትም በገመድ፣ በሰንሰለትና በጥርስ ተሞክረዋል። ትራክተርን ከጎታች ሞተርነት ወደ እርሻ መሣሪያነት ያሸጋገረው ሦስተኛው ሥራ ነው። አፈር በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ አይመሳሰልም፤ እዚህ ይላላል፣ እዚያ ይጠጥራል፣ ዝቅ ሲል ድንጋይ ይገኝበታል። ማረሻው ይህን ሁሉ እያለፈ ጥልቀቱን እንዳይለቅ በየቅጽበቱ የሚያስተካክለው ነገር ያስፈልገዋል።

በበሬ እርሻ የሚያስተካክለው የገበሬው እጅ ነው። በወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በአማራ ሳይንት በአጅባር ዙሪያም ሆነ በቦረና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ ጠማጁ በአንድ እጁ እርፉን በሌላው ጅራፉን ይዞ ይከተላል። አፈሩ ሲጠጥር በእርፉ ላይ ጫን፣ ሲላላ ቀለል ያደርጋል፤ ድንጋይ ሲነካ ብረቱን መንጠቅ አድርጎ ያሳልፋል። ለወቅቱ የሚበጀው ጥልቀት ቀደም ብሎ በሞፈርና በቀንበር መካከል ይወሰናል፤ ሞፈሩ በምራን የሚታሰርበት ቦታ ቀረብ ወይም ራቅ ሲል ማረሻው ወደ መሬት የሚገባበት ማዕዘን ይቀየራል። ወገሉና ድግሮቹም በገመሳ ጊዜና በመጨረሻው እርሻ እኩል አይጠብቁም። ይህ ሁሉ ሲደመር ፈጣን የቁጥጥር ሥርዓት ነው፤ የአፈሩን ጥንካሬ የሚለካውም ጥልቀቱን የሚያስተካክለውም ያው አንድ ክንድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ትራክተሮች እንዲህ ያለ ክንድ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1917 ማምረት የተጀመረው ፎርድሰን ማረሻውን ከኋላው በሰንሰለት ወይም በዘንግ እየጎተተ ይሄድ ነበር። ማረሻው የራሱ ጎማዎች ስላሉት ከባድ ነበር፤ ትልሙ ጫፍ ላይ ለመዞርም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከሁሉ የከፋው አደጋው ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ሲያያዝ የኋላ ጎማዎቹ መዞር ያቅታቸዋል፤ ሞተሩ ግን መግፋቱን ስለማያቆም የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳና ሹፌሩ ላይ ይገለበጣል። በዚህ አኳኋን የሞቱት ሹፌሮች ብዙ ናቸው።

መላው የመጣው ከአየርላንድ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1884 በዳውን አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ ካደገ በኋላ በቤልፋስት የመኪና ነጋዴና ጠጋኝ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምግብ ሲያጥር የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1917 በአገሩ ያሉትን ትራክተሮች አሠራር እንዲያሻሽል ላከው። ፈርጉሰን ከሥራ ባልደረባው ከዊሊ ሳንድስ ጋር እየተዘዋወረ ሲያርስና ሲያሳርስ የደረሰበት መደምደሚያ ችግሩ በትራክተሩ ወይም በማረሻው ብቻ ሳይሆን ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የሚል ነበር። ማረሻው ጎማውን ጥሎ በትራክተሩ ላይ እንዲንጠለጠል፣ ሁለቱም አንድ አካል እንዲሆኑ ለማድረግ ተነሳ። ሥራው ከ15 ዓመት በላይ ፈጀ።

ውጤቱ ዛሬ በአብዛኞቹ ትራክተሮች ጀርባ የሚታየው ሦስት ነጥብ ማያያዣ ነው። ሁለት ክንዶች ከታች ማረሻውን ይጎትታሉ። ከላይ መሐል ላይ ያለው ሦስተኛው ክንድ አይጎትትም፤ ይገፋል። ማረሻ በአፈር ውስጥ ሲጎተት አፈሩ ከታች ስለሚይዘው ላይኛው አካሉ ወደ ፊት ሊደፋ ይፈልጋል፤ ይህ ግፊት በላይኛው ክንድ በኩል ወደ ትራክተሩ ገላ ይተላለፋል። ከዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛው፣ አፍንጫው እንዳይነሳ ወደ ታች ስለሚጫን የፎርድሰን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ የማረሻውና የአፈሩ ክብደት ከፊሉ በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ቀላል ትራክተር ሳይንሸራተት ከባድ ትራክተር የሚያርሰውን ያርሳል። ከትልቅና ከከባድ ማሽን ይልቅ ትንሽና ርካሽ ማሽን የብዙ አገር ገበሬ ደጃፍ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ቦታ ሲጫን ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል፤ ይህን ሕግ በ17ኛው መቶ ዘመን የደነገገው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ አስመዘገበ። ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ፒስተን በ10 ኪሎ ብትጫንና ዘይቱ 45 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ትልቅ ፒስተን ጋር ቢገናኝ፣ ትልቁ ፒስተን 450 ኪሎ ያነሳል። ክፍያው በርቀት ነው፤ ትንሿ ፒስተን 45 ሳንቲ ሜትር ስትጓዝ ትልቁ የሚሄደው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ፖምፓ ትንሽ ትንሽ ዘይት በፍጥነት እየደጋገመ ይገፋል፤ ሲሊንደሩ ደግሞ በዝግታ ግን በከፍተኛ ጉልበት ማንሻ ክንዶቹን ይገፋል። ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚያነሳው ክሪክም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1925 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ ግን ከማንሳት ያለፈ ነበር። የላይኛው ክንድ የሚገፋው በጠንካራ ሞላ ላይ ነው፤ ሞላው ከዘይት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ጋር ተያይዟል። ማረሻው ጠጣር አፈር ሲያገኝ የላይኛው ክንድ ሞላውን አጥብቆ ይጫናል። ሞላው ሲታመቅ ቫልቩ ይከፈታል፤ ፖምፓው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይልካል፤ ማረሻው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ጭነቱ ይቀላል፤ ሞላው ይመለሳል፤ ቫልቩም ይዘጋል። አፈሩ ሲላላ ደግሞ ቫልቩ ከሲሊንደሩ ዘይት ያስወጣና ማረሻው ወረድ ይላል። ሹፌሩ ምንም አይነካም። እርፍ የያዘው ክንድ ያደርገው የነበረውን መለካትና ማስተካከል አንድ ሞላና አንድ ቫልቭ ተካፍለው ወሰዱት።

አሠራሩ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሥርዓቱ የሚጠብቀው ጥልቀትን ሳይሆን የመጎተቻ ጉልበትን ነው፤ አፈሩ በየቦታው በጣም በሚለያይበት ማሳ የጥልቀቱ ልዩነት ዓይን ይስባል። ስለዚህ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ላይ ሌላ መቆጣጠሪያ ተጨመረ፤ መሣሪያውን በአንድ ከፍታ ቆልፎ የሚይዝ፣ አፈሩ ምንም ቢሆን የማይንቀሳቀስ።

ፈርጉሰን ሐሳቡን የሚያመርትለት ፋብሪካ ፍለጋ ብዙ ተንከራቷል። ከዴቪድ ብራውን ጋር ከ1936 እስከ 1939 (እ.ኤ.አ.) የተመረተው ትራክተር ከ1,500 አልበለጠም። እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሄንሪ ፎርድ ርስት ላይ ማሽኑን አሳየ፤ ሁለቱ ሰዎች ያለ ጽሑፍ በእጅ መጨባበጥ ብቻ ተዋዋሉ። በሚቀጥለው ዓመት ፎርድ 9ኤን ወጣ። ፎርድ ካረጀ በኋላ ድርጅቱን የተረከበው የልጅ ልጁ ውሉን አፍርሶ 8ኤን የተባለውን ሞዴል በራሱ መሸጥ ሲጀምር ፈርጉሰን ከሰሰ፤ ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በዚያ መሐል በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ ቲኢ20 የሚባለው ግራጫ ፈርጉሰን ከ1946 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) ከ500 ሺህ በላይ ተመረተ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1953 ከካናዳው ማሲ ሃሪስ ጋር ተዋሐደና በ1958 (እ.ኤ.አ.) ስሙ ማሲ ፈርጉሰን ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት የታወቀው በዚህ ስም ነው።

ኢትዮጵያ ትራክተርን ያየችው ከዚያ በፊት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣሊያን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በሆለታና በቢሾፍቱ በትራክተር የሚታረስ ሰፋፊ የስንዴ እርሻ ከፍቶ ነበር፤ ያ ሥራ ከወራሪው ጋር አለፈ። ከነጻነት በኋላ ትራክተር በትምህርት በኩል ገባ። ነጥብ አራት (ፖይንት ፎር) በተባለው የአሜሪካ ዕርዳታ፣ ከዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ ስሙ ራሱ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ነበር። ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው። በአዋሽ ሸለቆ በዱብቲ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው የአውሳ ምድር፣ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ሰፋ። በሰቲት ሁመራ ለሰሊጥና ለማሽላ የሚሆን ሰፊ ሜዳ በዲስክ ተገለበጠ። ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ለትልልቅ የንግድ እርሻዎች አደላ፤ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ፣ ነዳጁም ከግብር ነጻ ሆነ።

በአርሲ ጭላሎ አውራጃ የታየው ለብቻው መነገር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ፣ የታሰበው ለትናንሽ ገበሬዎችና ለጭሰኞች ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያመጡት ትርፍ ግን ባለመሬቶቹን አነቃ። አንድ ባለርስት ጭሰኛውን አስለቅቆ መሬቱን በትራክተር ቢያሳርስ ከሲሶ ወይም ከእኩሌታ ኪራይ የተሻለ እንደሚያገኝ አሰላ። በሃይድሮሊክ የሚነሳው ማረሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። የሚጎተት ከባድ ማረሻ ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ለማጓጓዝ አድካሚ ነው፤ ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ በማንሻ ክንዶቹ አንጠልጥሎ በመንገድ የሚሄድ ትራክተር ግን ጠዋት አንዱ ባለመሬት ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ሊያርስ ይችላል። የትራክተር ኪራይ ንግድ የተመቸው ለዚህ ነው፤ ትራክተር ያልገዛ ባለርስትም ጭሰኛውን ማፈናቀል ቻለ። የአንድ ማሽን ብቃት የሰው ቤት ፈረሳ ሊሆን እንደሚችል ጭላሎ በግልጽ አሳይቷል።

የዚያ ዘመን የታወቀው ማሽን ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ለገበያ ቀረበ፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ሞተሩ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ሃይድሮሊኩ የፈርጉሰንን የጥንት አሠራር ይዞ የቆየ ነው። ፖምፓው አራት ትናንሽ ፒስተኖች ያሉት ሲሆን በካምቢዮውና በኋላ አክስሉ ገላ ውስጥ፣ በዘይቱ ውስጥ ተዘፍቆ ይቀመጣል፤ የሚያዞረው ወደ ኋላ የሚወጣው የኃይል መውሰጃ ዘንግ ነው። መቆጣጠሪያው ቫልቭ ያለው ዘይት ወደ ፖምፓው በሚገባበት በኩል ነው። ማንሳት በማያስፈልግበት ጊዜ መግቢያው ስለሚዘጋ ፖምፓው ባዶውን ይዞራል፤ ጉልበት አያባክንም፣ ዘይቱንም አያሞቅም። ለዘመኑ ብልህ አሠራር ነበር።

ከመቀመጫው በስተቀኝ ሁለት እጀታዎች በየቅስታቸው ላይ ይሄዳሉ። አንዱ የመጎተቻ ጉልበት መቆጣጠሪያ ነው፤ ለማረስ ይህ ዝቅ እየተደረገ ጥልቀቱ ይመረጣል። ሌላው የከፍታ መቆጣጠሪያ ነው፤ ለመዝሪያ፣ ለመርጫና መሣሪያ አንጠልጥሎ ለመጓዝ ያገለግላል። በግራጫው ቲኢ20 ላይ የነበረ አንድ የሚያናድድ ነገር እዚህ ተስተካክሏል። በቲኢ20 ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ጎማውም ፖምፓውም አብረው ይቆማሉ፤ ትልሙ ጫፍ ላይ ቆሞ ማረሻውን ለማንሳት የሞከረ ሹፌር ክንዶቹ ንቅንቅ አይሉለትም። ከማሲ 35 ጀምሮ የመጣው ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማውን ብቻ ያቆማል፤ ፖምፓው መሥራቱን ይቀጥላል።

ደካማ ጎኑም ከዚያው ብልሃት ይመነጫል። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ ከ30 ሊትር በላይ የሆነ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ከማርሽ ጥርስ የሚላገው ብናኝ፣ በመሙያው የገባው አቧራ፣ በክረምት የሰረገው ውሃ ሁሉ መጨረሻው ፖምፓው ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ አረፋ ከበዛበት አየር እየሳበ ነው ወይም ዘይቱ ጎድሏል። በደጋ አገር ይህ ይብሳል። መካነ ሰላም ባለበት ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ዘይቱን ወደ ፖምፓው የሚገፋው ይህ የአየር ግፊት ስለሆነ በቆሻሻ የታፈነ ፊልትሮ ቆላ ላይ ከሚያስቸግረው ይልቅ ደጋ ላይ ፈጥኖ ያስቸግራል። በጠዋት ብርድ ዘይቱ ሲወፍር ፖምፓው ይጮኻል፤ ያ ድምፅ እየተሰማ ጭነት ማንሳት ፒስተኖቹን መብላት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የባለርስቱና የኪራይ ትራክተሩ ዘመን አበቃ። ትልልቆቹ እርሻዎች ከነማሽኖቻቸው ወደ መንግሥት እርሻ ተዛወሩ። የመሣሪያው ምንጭም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞረ። በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቋመና ቤላሩስ የሚባለውን ኤምቲዜድ 80 መገጣጠም ያዘ። ይህ ትራክተር የሚመረተው እ.ኤ.አ. በ1946 በተመሠረተው የሚንስክ ትራክተር ፋብሪካ ሲሆን ስሙ ላይ ያለው 80 የፈረስ ጉልበቱን ያመለክታል።

የቤላሩስ ሃይድሮሊክ የተነሳበት ሐሳብ ሌላ ነው። ሁሉን በአንድ ገላ ከማጨቅ ይልቅ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አስቀምጦ በቱቦ ያገናኛል። ዘይቱ የራሱ ታንከር ስላለው የካምቢዮ ብናኝ አይደርስበትም። ፖምፓው ሁለት ጥርሶች ተናክሰው የሚዞሩበት ቀላል ዓይነት ነው፤ በአንድ ዙር 32 ኩብ ሳንቲ ሜትር ዘይት ስለሚገፋ መጠሪያው ላይ 32 ቁጥር አለበት። የሚዞረው በቀጥታ በሞተሩ ስለሆነ ፍሪሲዮን ተረገጠ አልተረገጠ ግድ የለውም። የዋናው ሲሊንደር የውስጥ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የ78.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ማለት ነው፤ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ግፊት ሲያርፍበት ከ11 ቶን በላይ ይገፋል። ክንዶቹ ከሲሊንደሩ ርቀው ስለሚያነሱ ጫፋቸው ላይ የሚደርሰው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ ሌላ ወደ ውጭ የሚወጡ ቀዳዳዎች አሉት፤ ተሳቢ ለመገልበጥ፣ የሚጎተት ዲስክ ለማንሳት በጎማ ቱቦ ይገናኛሉ። የተበላሸን ክፍል ነቅሎ በሌላ መተካት ማሲውን ለሁለት ከፍሎ ከመጠገን እጅግ ይቀላል። በአንጻሩ መጋጠሚያውና ቱቦው ብዙ ነው፤ በቆላ ፀሐይ የጠነዘረ ጎማ ቱቦ አበጥ ብሎ ይፈነዳል።

ከማሲ ወርዶ ቤላሩስ ላይ የወጣ ሹፌር የሚሳሳተው እጀታው ላይ ነው። በማሲው እጀታው የቆመበት ቦታ ራሱ መጠን ነው፤ ዝቅ በተደረገ ቁጥር ማረሻው ይጠልቃል። የቤላሩስ እጀታ ግን አራት ቦታ ብቻ አለው፦ ማንሳት፣ መቆለፍ፣ ማንሳፈፍና በኃይል ማውረድ። ለማረስ ትክክለኛው ማንሳፈፉ ነው፤ ያኔ ዘይቱ ወዲያ ወዲህ እንደ ልቡ ስለሚሄድ ማረሻው የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፣ ጥልቀቱን የሚወስነው በማረሻው ጎን ያለው ትንሽ ጎማ ይሆናል። ማረሻው እንዲጠልቅለት ብሎ በኃይል ማውረዱ ላይ የተወ ሹፌር የትራክተሩን ጀርባ ወደ ላይ ይገፋል፤ የኋላ ጎማዎቹ ክብደት አጥተው መሽከርከር ይጀምራሉ። ቆልፎ ያረሰ ደግሞ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ክንዱን ወይም ማረሻውን ያጣምማል። ማንሳቱ ላይ ሲደረግ እጀታው ሥራው ሲያልቅ በራሱ ወደ መሐል ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዘይት ማከፋፈያው ቫልቭ ነው።

የምዕራብ ወሎ ደገኛ ትራክተርን በብዛት ያየው በሰው አገር ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ በተካሄደው ሠፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ሲወሰድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከወሎ የወጣ ነበር። በመተከል ፓዌ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሠፈሩ፤ በዚያው በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስን ፕሮጀክት ከፈተ። የበለስ ሸለቆ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አገር ነው፤ የደጋ በሬ እዚያ አይቆይም። ዕድሜውን በሙሉ እርፍ የያዘ ገበሬ ማሳውን ትራክተር ሲያርስለት ቆሞ ማየት፣ ከዚያ በጋራ ማረምና መሰብሰብ ሥራው ሆነ። ችሎታው፣ ማለትም አፈርን በክንዱ የማወቅ ጥበቡ፣ የሚፈለግ አልነበረም፤ በእጀታው ላይ የተቀመጠው ደመወዝተኛ ሹፌር ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ። ነዳጅና መለዋወጫ ሲቋረጥ ሠፋሪው ወደ ዶማ፣ ገንዲን መቋቋም ሲቻል ደግሞ ወደ በሬ ተመለሰ። የፓዌን ትራክተር ያቆመው የሃይድሮሊኩ ድክመት አይደለም፤ ፊልትሮ፣ ዘይትና ጓርኒሲዮን በየጊዜው የሚያቀርብ ሥርዓት መፍረሱ ነው።

በራሱ በወሎ ደጋ ምዕራባዊ ክፍል ትራክተር ያልሰለጠነበት ምክንያት ሲታይ የገበሬው ወግ አጥባቂነት መልስ ሆኖ መቅረቡ ስንፍና ነው። በጃማና በወረኢሉ ሰፊ የጥቁር አፈር ሜዳ ስላለ ማሽን ቦታ ያገኛል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሲጠጋ ግን አምባው በገደል ይቆራረጣል፤ ማሳው በእርከን ላይ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሔክታር አይሞላም፣ እሱም በሁለት ሦስት ቦታ የተበታተነ ነው። በተዳፋት ላይ ማረሻ ያነሳ ትራክተር ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ለመገልበጥ ይቀርባል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በደጋው ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያጣል፤ 45 የፈረስ ጉልበት የተባለው ወደ 35 ይወርዳል። ድንጋያማው መሬት ደግሞ ዲስክና ኩሽኔታ ይጨርሳል። በዚህ ላይ ሁለት በሬ በአንድ ጥማድ ማሳ ውስጥ የሚዞሩበትን ጠርዝ ምንም ትራክተር አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥና ከግብር ነጻ እንዲገባ ሲፈቅድ ብዙ አዲስ ትራክተር ቢመጣም የዚህን መሬት ተዳፋት የሚያስተካክል አዋጅ አልነበረም። ለትናንሽ ማሳዎች የተሞከሩት ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተሮች በብዛት ማንሻ ሃይድሮሊክ የላቸውም።

በሌላው የአገሪቱ ክፍል ግን አሮጌ ማሲና ቤላሩስ ዛሬም ያርሳሉ፣ ተሳቢ ይጎትታሉ፣ ውሃ ይስባሉ። ሞተሩ ካልሞተ ትራክተር አይጣልም፤ የሚያረጀው ሃይድሮሊኩ ነው። የተለመዱትን ብልሽቶች ለመለየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ማረሻውን አንስቶ ሞተሩን ማጥፋትና መጠበቅ ነው። ክንዶቹ ቀስ እያሉ ከወረዱ ዘይት ከሲሊንደሩ እያመለጠ ነው፤ የፒስተኑ ማገጃ ጎማ ወይም ኦሪንጉ አልቋል፣ ካልሆነም ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ማሲ ላይ ይኸው ብልሽት ሞተሩ ሲሠራ በሌላ መልክ ይታያል፤ የተነሳው ማረሻ በየጥቂት ሰኮንዱ ዝቅ ከፍ እያለ ይነቀንቃል። ዘይቱ ሲያመልጥ ክንዱ ይወርዳል፣ ቫልቩ መውረዱን አይቶ መልሶ ያነሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ጥፋቱ የሲሊንደሩ ሲሆን ፖምፓውን መቀየር አይረዳም፤ ብዙ ባለትራክተር ግን በመጀመሪያ የሚገዛው ፖምፓ ነው። ባዶውን የሚያነሳ፣ ጭነት ሲያገኝ ግን የሚቆም ሃይድሮሊክ የደከመ ፖምፓ ወይም የላላ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው። የቫልቩን ሞላ ከልኩ በላይ ማጥበቅ በመንደር ጋራዥ የተለመደ መላ ነው፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ደካማው ቦታ ይፈነዳል። የተላገ የፒስተን ቤት ግን በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ወይም ተለውጦ ብቻ ይድናል።

መለዋወጫ የማግኘቱ ነገር በማሲው ያደላል፤ ሞዴሉ በፓኪስታንና በሌሎች አገሮች በፈቃድ ለብዙ ዓመታት ሲመረት ስለቆየ ክፍሎቹ በአዲስ አበባ መለዋወጫ ሱቆች አይጠፉም። መሣሪያ የማቀያየሩ ችግርም ቀላል ነው። ፈርጉሰን የቀየሰው ማያያዣ በኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ በአንደኛው ምድብ የላይኛው ክንድ ፒን 19፣ የታችኞቹ 22 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ በሁለተኛው ምድብ 25 እና 28 ናቸው። ማሲ 135 በመጀመሪያው ምድብ፣ ቤላሩስ 80 በሁለተኛው ስለሆኑ የአንዱ ማረሻ ወደ ሌላው የሚሄደው በቀለበት ወይም በቀጭን ፒን ታግዞ ነው።

በዘይት ሥራ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው በተነሳ መሣሪያ ሥር መግባት ነው፤ ክንዶቹን የያዛቸው ዘይት ብቻ ስለሆነ ቱቦ ሲበጠስ ወይም ሌላ ሰው እጀታውን ሲነካ ማረሻው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው በግንድ ወይም በብረት ይደገፋል፤ ትራክተሩ ሲቆም ደግሞ መሬት ላይ ይወርዳል፣ ይህም በሲሊንደሩና በቱቦው ያለውን ግፊት ያስተነፍሳል። ሁለተኛው የሚያፈስ ቱቦን በእጅ መዳሰስ ነው። በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ግፊት ያለው ዘይት መርፌ በሚያህል ቀዳዳ ሲወጣ በዓይን አይታይም፤ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በሰዓታት ውስጥ በሐኪም ተከፍቶ ካልጸዳ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ፍሳሹ የሚፈለገው ካርቶን ወይም ጣውላ በቱቦው አጠገብ በማሳለፍ ነው፤ ዘይቱ የነካው ቦታ ይረጥባል።